«ተመትቻለሁ» ስለ ማለት

የሰው ልጅ በሌላው ላይ ለመፍረድ የፈጠነ፣ በራሱ ላይ ለመፍረድ ግን የዘገየ ፍጥረት መሆኑን አባቶቻችን ጥንት ዐውቀውት «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ሲሉ በአንዲት ምሳሌ ጠቅልለው አስቀምጠውልናል። ይህችን ምሳሌ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻታለሁ፤ መምህር በነበርሁበት ዘመንም ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ተናግሬአታለሁ። ነገር ግን ትርጓሜዋ በእውነት የገባኝ ጠጕሬ ከሸበተ በኋላ፣ ከአገሬም ከራቅሁ በኋላ ነው። ያውም በመጽሐፍ ወይም በስብከት አይደለም፤ ወጣቶች በሚጫወቱት በአንድ የቀለም ጨዋታ ሜዳ ላይ ነው። ይህን ስናገር አንባቢ ይስቅብኝ ይሆናል፤ ቢስቅም አልቀየመውም። እኔም ጨዋታውን መጀመሪያ ያየሁት ቀን ስቄበት ነበርና።

ጨዋታው በእንግሊዝኛ ፔይንትቦል ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የቀለም ጥይት ጨዋታ ብንለው ያስኬዳል። በሁለት ወገን የተከፈሉ ተጫዋቾች በጫካ ውስጥ ወይም በአየር የተነፉ መከለያዎች በተተከሉበት ሜዳ ላይ ሆነው፣ በታመቀ አየር ኃይል በሚሠራ ጠመንጃ መሳይ መሣሪያ ይታኰሳሉ። ጥይቱ ውፍረቱ 17 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ ድቡልቡል ነገር ነው፤ ልባሱ እንደ መድኃኒት እንክብል ከጄላቲን የተሠራ ሲሆን በውስጡ በውሃ የሚታጠብ ቀለም ይዟል። ሰውን ሲመታ ይፈነዳና ቀለሙን ይተዋል። የጥይቱ ፍጥነት በሰከንድ ከ300 ጫማ፣ ይህም ማለት ከ91 ሜትር ያህል እንዳያልፍ መሣሪያው ከጨዋታው በፊት ይለካል። ዓይን እንዳይጠፋም ማንም ሰው ያለ ጭምብል ወደ ሜዳ አይገባም። ደም ስለሚመስልም ቀይ ቀለም በብዙ ውድድሮች የተከለከለ ነው።

መሣሪያው በመጀመሪያ የተሠራው ለጨዋታ አልነበረም። የደን ሠራተኞች የሚቈረጠውን ዛፍ ከሩቅ በቀለም እንዲያመለክቱበት፣ ከብት አርቢዎችም ከመንጋው መካከል የሚፈልጉትን ከብት እንዲለዩበት የታሰበ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1981 ዓ. ም. በሰኔ ወር፣ በአሜሪካ አገር በኒው ሃምፕሸር ግዛት ሄኒከር በምትባል ከተማ ባለ ጫካ፣ 12 ሰዎች ይህን የዛፍ ማመልከቻ ይዘው ገቡ። ነገሩን የጀመሩት ባልንጀሮች፣ በዱር ውስጥ ራሱን ለማዳን የሚበልጠው የከተማ ሰው ነው ወይስ የገጠር ሰው እያሉ ይከራከሩ ነበር። አሸናፊ የሚሆነውም ቀለም ሳይነካው በየስፍራው የተቀመጡትን ባንዲራዎች ሰብስቦ የሚወጣ ነበር። ያን ቀን ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የተባለ የደን ባለሙያ ሲሆን፣ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ጥይት እንኳ አልተኰሰም። ይህ ታሪክ ለብቻው ብዙ የሚያናግር ነው፤ ነገር ግን የዛሬው ጉዳዬ ሌላ ስለ ሆነ አልፈዋለሁ።

ጉዳዬ ስለ ደንቡ ነው። በዚህ ጨዋታ ጥይት የፈነዳበት ሰው፣ ማንም ሳይነግረው፣ ራሱ «ተመትቻለሁ!» ብሎ ጮኾ እጁን ወይም መሣሪያውን ከራሱ በላይ አንሥቶ ከሜዳ ይወጣል። የመሣሪያው መመታትም እንደ አካል መመታት ይቈጠራል። ጥይቱ ነጥሮ ከወደቀና ካልፈነዳ ግን ሰውየው አልተመታም። ማየት በማይችልበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በጀርባው ላይ የተመታ የመሰለው ሰው ዳኛ ጠርቶ «ይታይልኝ» ማለት ይገባዋል። በውድድር ላይ ዳኞች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ለያንዳንዱ ዛፍና ለያንዳንዱ መከለያ አንድ ዳኛ ማቆም የማይቻል ስለ ሆነ፣ ጨዋታው በመጨረሻው የሚቆመው በተጫዋቹ ኅሊና ላይ ነው። ቀለሙን በእጁ ወይም በሣር አብሶ ጨዋታውን የሚቀጥል ሰው «ጠራጊ» ይባላል፤ በተጫዋቾች ዘንድ ከዚህ የከፋ ስም የለም። በብዙ የውድድር ደንቦች መሠረት እንዲህ ያለ ሰው ሲያዝ የሚወጣው እሱ ብቻ አይደለም፤ ከጓደኞቹም አንዱ፣ ጥፋቱ ከከበደም ከአንድ በላይ የሆኑ፣ ምንም ሳይበድሉ አብረውት ይወጣሉ።

በአገራችን በቀድሞው ዘመን ሌባው ወይም ነፍሰ ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር፤ አፈርሳታም ይባላል። የአገሩ ሰው በአንድ ስፍራ ተሰብስቦ ያየና የሰማ እንዲናገር ይጠየቅ ነበር፤ የቀረም ሰው ይቀጣ ነበር። ሥርዐቱ የራሱ ጥበብ ነበረው፤ ይኸውም ከሕዝብ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም የሚል ነው። ይህ የቀለም ጨዋታ ግን እያንዳንዱን ሰው በገዛ ራሱ ላይ አውጫጭኝ ያስቀምጠዋል፤ ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ምስክሩም አንድ ሰው ነው።

እንዲህ ያለ ሥርዐት ያለው ይህ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቦቢ ጆንስ የተባለው ስመ ጥር የጎልፍ ተጫዋች በ1925 ዓ. ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር) በማሳቹሴትስ ግዛት በዉስተር ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ታላቅ ውድድር ላይ፣ ኳሷን ሊመታ ሲዘጋጅ ጥቂት እንደ ተንቀሳቀሰች ራሱ ተናገረ። ከሱ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። እሱ ግን በቃሉ ጸንቶ አንድ ምት በቅጣት አስቈጠረ። በጎልፍ የሚያሸንፈው በጥቂት ምት የጨረሰው ነውና፣ ያች አንዲት ምት ባትጨመርበት ኖሮ ዋንጫው የሱ ነበረ። በእርስዋ ምክንያት ከዊሊ ማክፋርሌን ጋራ እኩል ሆኖ በድጋሚው ግጥሚያ በአንድ ምት ተሸነፈ። ሰዎች ስለ ቅንነቱ ሊያመሰግኑት ቢመጡ፣ ይህማ ባንክ ያልዘረፈን ሰው እንደ ማመስገን ነው የሚል መልስ እንደ ሰጣቸው ይነገራል። ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ፣ እኔም በስፍራው ብሆን እንደሱ አደርግ ነበር ብዬ አሰብሁ። ሰው በሚያነብበት ጊዜ ሁሉም ጻድቅ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ነገር ልመለስ። እኔ በአገሬ 14 ዓመት የሒሳብ መምህር ሆኜ ካገለገልሁ በኋላ ወደ አሜሪካ መጥቼ፣ በዋሽንግተን አጠገብ በምትገኘው በቨርጂኒያ ግዛት የምኖር፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ውስጥ ሒሳብ የምይዝ ሰው ነኝ። የእኅቴ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ወደኔ መጥቶ በቤቴ አድጓል። ይህ ነገር በሆነበት ጊዜ ዕድሜው 17 ነበር። ጨዋታውን የሚወድደው እሱ ነው። ዕድሜው 18 ስላልሞላ ያለ አሳዳጊ ፊርማ ወደ ሜዳ አያስገቡትም ነበርና፣ በየሰንበቱ እኔ በመኪና ይዤው ወደ ሜሪላንድ ጫካ እሄድ ነበር። በመጀመሪያ ከዳር ተቀምጬ ጋዜጣ አነብ ነበር፤ ኋላ ግን ልጆቹ እየጐተቱኝ ሦስት አራት ጊዜ አብሬአቸው ገባሁ። እየተገረምሁም ወደድሁት።

በጥቅምት ወር አንድ እሑድ የጀማሪዎች ውድድር ተደረገ። እያንዳንዱ ቡድን አምስት ሰው ነበረው። የኛዎቹ ሁለት የኢትዮጵያ ልጆች፣ አንድ ወላጆቹ ከኤል ሳልቫዶር የመጡ ልጅ፣ ሁለት አሜሪካውያን ነበሩ። በዚያ ጧት ከአሜሪካውያኑ አንደኛው ንዳድ ይዞት ቀረ። የእኅቴ ልጅ ወደኔ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይግቡልን፤ አለዚያ ቡድናችን ሊሰረዝ ነው» አለኝ። ዕድሜዬ 52 መሆኑን ብነግረውም አልሰማኝም። ገባሁ።

በዕድል ነው ልበል በልጆቹ ብርታት፣ እስከ መጨረሻው ግጥሚያ ደረስን። በዚያ ግጥሚያ ከኛ ወገን ሦስቱ ተመትተው ወጡ፤ እኔና የእኅቴ ልጅ ብቻ ቀረን። ከተቃራኒዎቻችንም ሁለት ቀርተው ነበር። የኛ ቀለም ብርቱካንማ፣ የነሱ ብጫ ነበረ። እኔ በሜዳው ግራ በኩል ካለው መከለያ ጀርባ ተንበርክኬ ሳለሁ፣ ከመሣሪያዬ በላይ ባለው የጥይት ቋት ሥር «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ በእጄም ላይ ትንሽ ንዝረት ተሰማኝ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚያች ቅጽበት የሆነውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ልንገርህ። ተመትቼ እንደ ነበር ዐወቅሁ። ወዲያው ግን ሌላ አሳብ መጣልኝና «ነጥሮ ይሆናል» አልሁ። መሣሪያውን ገልበጥ አድርጎ ማየት የሁለት ሰከንድ ሥራ ነበር፤ አላየሁም። ዳኛው ከኔ 20 እርምጃ ያህል ርቆ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ «ይታይልኝ» ብለው ይመጣ ነበር፤ አልጠራሁትም። ይልቁንም በጕልበቴ እየዳሁ በርጥቡ ሣር ላይ ወደሚቀጥለው መከለያ ተሻገርሁ። ስሻገርም የጥይት ቋቱ ከሣሩ ጋራ መታሸቱን ልብ እያልሁ ነበር። ከዚያ ሆኜ ሁለቱንም ተቃራኒዎች በጐናቸው መታኋቸው። ሁለቱም ያላንዳች ማመንታት እጃቸውን አንሥተው ወጡ። የእኅቴ ልጅ ሮጦ ባንዲራውን ያዘ፤ አሸነፍን ተባለ። ልጆቹ አቅፈው ሳሙኝ። ሽልማቱ አንድ ሣጥን የቀለም ጥይትና ለያንዳንዳችን አንዳንድ የቆርቆሮ ሜዳልያ ነበር።

ኋላ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «አላየሁም» የሚል ነበር። እውነት ነው፤ አላየሁም። ነገር ግን ያላየሁት ማየት ስላልፈለግሁ ነው። ከዚህ የበለጠ ቀላል ሐሰት የለም፤ ምክንያቱም ከአፍ የሚወጣ ቃል እንኳ አይጠይቅም። በየመሥሪያ ቤቱ ከሌሎች መዝገቦች ሥር ተደርጎ የሚቀር ስንት መዝገብ አለ! ያስቀመጠው ሰው ቢጠየቅ «አላየሁትም» ይላል፤ ቃሉም እውነት ነው።

በዚያ ምሽት የእኅቴ ልጅ እንደ ልማዱ በሰገነቱ ላይ ተቀምጦ ዕቃዎቹን ያጸዳ ነበር። እኔም ሻይ ይዤለት ስወጣ ከመስታወቱ በር ጀርባ ቆም አልሁ። የኔን መሣሪያ አንሥቶ በመብራቱ ፊት ገለበጠው። ቋቱ ከመሣሪያው በሚጋጠምበት ጕድጓድ ውስጥ ብጫ ቀለም ደርቆ፣ አንዲት የሣር ቅጠልም በላዩ ተለጥፋ ታየች። ልጁ ጥቂት ጊዜ ትክ ብሎ አያት። ከዚያም ርጥብ ጨርቁን አንሥቶ ቀስ አድርጎ ጠረገውና መሣሪያውን ወደ ከረጢቱ መለሰ። በሩን ከፍቼ ስወጣ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ምነው ለራስዎ ሳይዙ?» አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። ዓይኑም ከዓይኔ አልገጠመም።

እነሆ ጠራጊው እኔ ሆኜ ሳለሁ፣ የመጨረሻውን ጥረጋ ያደረገልኝ ልጁ ሆነ። ሌሊቱን እንቅልፍ አጣሁ። በተኛሁበትም ብዙ ዘመን ያላሰብሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

መምህር በነበርሁበት በአንድ የገጠር ከተማ የዓመቱን ማጠቃለያ ፈተና አርሜ ወረቀቱን ለተማሪዎቹ መለስሁ። በሰባተኛው ጥያቄ ላይ የኔ መልስ ስሕተት ነበረ፤ ሲያባዙ ይዞ የሚታለፍን ቍጥር ረስቼ ነበር። ከ43 ተማሪዎች መካከል ሦስቱ ትክክለኛውን መልስ ጽፈው በቀይ ቀለም ሰርዤባቸዋለሁ። ከሦስቱ አንዱ፣ ከኋላ የሚቀመጥ ዝምተኛ ልጅ፣ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጠረጴዛዬ መጣና ቆመ። «ምን ሆንህ?» ብዬ ቀና ባልሁ ጊዜ፣ «ምንም፣ መምህር» ብሎ ተመለሰ። ማታ ነገሩ ከንክኖኝ ጥያቄውን እንደ ገና ብሠራው ስሕተቱ የኔ መሆኑን አገኘሁ። የሦስቱን ልጆች ማርክ በመዝገቡ ላይ አስተካከልሁ፤ የሚገባቸውን አላስቀረሁባቸውም። በማግስቱ ግን «ያን ጥያቄ እንከልሰው» ብዬ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ትክክለኛውን ስሌት፣ ከመጀመሪያውም እንዲሁ እንዳልሁ አድርጌ ጻፍሁና በመጥረጊያው ጠረግሁት። «ተሳስቼ ነበር» የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣችም። ያ ዝምተኛ ልጅ ከኋላ ሆኖ ያየኝ አስተያየት፣ በሰገነቱ ላይ የእኅቴ ልጅ ያን ብጫ ቀለም ያየበት አስተያየት ነበረ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ሜዳው ሄጄ የተቃራኒውን ቡድን አለቃ ፈለግሁት። ጢሙ የሸበተ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። ዳኛውም አጠገቡ ቆሞ ይሰማ ነበር። ዳኛው ውጤቱ ከተመዘገበ በኋላ የማይለወጥ መሆኑን ነገረኝ። የቡድኑ አለቃ ግን ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ያን ዕለት ብትነግረን ኖሮ ጨዋታችን ነበረች፤ ዛሬ ስትነግረን ወሬ ናት። ቢሆንም ሳትነገር ከምትቀር ይሻላል» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሜዳልያዬን ብዘረጋለት አልቀበልም አለ። ሜዳልያዋ እስከ ዛሬ በጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አለች።

የሰውየው ቃል ከባድ መስሎ ቢታይም ትክክል ነው። የጨዋታው ደንብ የተመታ ሰው ወዲያው እጁን ያንሣ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። በሰዓቱ የተነሣ እጅ ሌላውን ሰው ከጉዳት ያድናል፤ ከሰዓቱ በኋላ የተነሣ እጅ የሚያቃልለው የባለቤቱን ኅሊና ብቻ ነው። እኔ ሳምንት ዘግይቼ ብናገር፣ በዚያ ቀን እጃቸውን አንሥተው በክብር የወጡት ሁለቱ ሰዎች ጨዋታቸውን መልሰው አላገኙም። ከኛም ልጆች አንዱ፣ «ድላችንን አረከሱብን» ብሎ አንድ ወር ሙሉ አላናገረኝም። ፈረድሁለት፤ ሳያውቅ ያገኘውን ሐሰተኛ ድል አብሮኝ እንዲሸከም ያደረግሁት እኔ ነበርሁና።

ወደ ቤት ስንመለስ የእኅቴ ልጅ በመኪናው ውስጥ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆይቶ፣

«ጋሼ፣ እኔ ዐውቄ ነበር» አለኝ።

«ማወቅህንማ ዐውቃለሁ፤ በሰገነቱ ላይ ስትጠርገው አይቼሃለሁ» አልሁት።

ልጁ ደነገጠ። «ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?» ብዬ ብጠይቀው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «እርስዎን እንዴት ብዬ ነው የምነግርዎት?» ሲል መለሰልኝ።

ይህን መልስ ከሰማሁ ጀምሮ ብዙ አስቤበታለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚሁ ነው። ልጁ ጓደኛውን ቢያይ ኖሮ ያለ ጥርጥር «ተመትተሃል፣ ውጣ!» ብሎ ይጮኽበት ነበር። እኔን ግን ያሳደግሁት ታላቁን እንዲያከብር ነው፤ ታላቁም እኔ ነኝ። ያስተማርሁት አክብሮት አፉን ዘጋው። የዚያን ዝምተኛ ተማሪም አፍ የዘጋው ይኸው ነበር።

አክብሮት ከአባቶቻችን የወረስነው ትልቅ ሀብት ነው፤ ይጣል የምል ሰው አይደለሁም። በባዕድ አገር ስኖር ዋጋውን ከምንጊዜውም ይበልጥ ዐውቄዋለሁ። ነገር ግን ሀብት ሁሉ ዕዳ አለበት። የአክብሮትም ዕዳ ይህ ነው፤ ሰው ከፍ ባለ መጠን «ተመትተሃል» የሚለው ሰው ያንሳል። ልጅ ሲያጠፋ እናቱ፣ መምህሩና ጎረቤቱ ይነግሩታል። ጸሓፊ ሲሳሳት አለቃው ይነግረዋል። አለቃው ሲሳሳትስ? ልብሱን ቀለም ነክቶት በጧት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲገባ ዘበኛው አየ፤ ጸሓፊዋ አየች፤ ተላላኪውም አየ። ሁሉም ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ይነሡታል፤ «ቀለም ነክቶዎታል» የሚለው ግን አንድም ሰው የለም። እንዲያውም አንዳንዱ ወዳጅ መስሎ፣ አንዳንዱም በእውነት ወዶት፣ ቀስ ብሎ ከኋላው ይጠርግለታል። ባለቤቱም ልብሱ ንጹሕ እንደ ሆነ ያምናል።

ስለዚህ ከፍ ያለ ሰው በራሱ ላይ እጁን ለማንሣት ከሌላው ይበልጥ መልመድ አለበት። ልምዱም በትልቁ ነገር አይጀመርም። መምህር በጥቁር ሰሌዳው ላይ ሲሳሳት ከመጥረጉ በፊት «ይህ የኔ ስሕተት ነው» ቢል፣ አንዲት ቃል ናት። ሹም በፈረመው ደብዳቤ ላይ ጕድለት ሲገኝ ወደ ጸሓፊው ከማመልከቱ በፊት «ሳላነብ ፈርሜ ነው» ቢል፣ አንዲት ቃል ናት። ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል፤ እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ያ ተማሪ በኔ ላይ የነበረው እምነት የወደቀው ስሠራ በመሳሳቴ አልነበረም፤ በመጥረጌ ነው። የተማሪ ዓይን ከመጥረጊያው ይቀድማል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» እንደሚባለው፣ ሰዓቱ ይዘገያል እንጂ ቀለሙ አይቀርም።

ሁለተኛውም ነገር ይህ ነው፤ ታላቁ ካልፈቀደለት ታናሹ አይናገርም። እኔ በዚያ ቀን በመኪናው ውስጥ ከእኅቴ ልጅ ጋራ አንድ ውል አደረግሁ። በሜዳም ሆነ በቤት ቀለም ያየብኝ እንደ ሆነ፣ «ተሳስተዋል» ማለት ቢያሳፍረው፣ ለዳኛው የሚባለውን ቃል ብቻ በትሕትና እንዲነግረኝ ተስማማን። ቃሉም «ይታይ» የሚል ነው። እኔም ይህን ቃል በሰማሁ ጊዜ ሳልቈጣ ቆም ብዬ ራሴን ልመለከት ቃል ገባሁለት።

ሁለት ወር ያህል አንድም ጊዜ አልተናገረኝም፤ ውሉን የረሳው መሰለኝ። አንድ ቅዳሜ ጧት ግን ወዳጄ ስልክ ደወለልኝ። ለአንድ ለቅሶ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረን እኔ ዘግይቻለሁ። ገና በቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ አንድ እግሬን ጫማ አልብሼ፣ ሁለተኛውን ጫማ በእጄ ይዤ፣ «መንገድ ላይ ነኝ፤ ደርሻለሁ» አልሁት። ከኋላዬ፣ ከመጽሐፉ ላይ ቀና ሳይል፣ የእኅቴ ልጅ በለሆሳስ፣

«ጋሼ፣ ይታይ» አለኝ።

በመጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ይህን አልክድም። ወዲያው ግን ቃሌ ትዝ አለኝ። ስልኩን በጆሮዬ እንደ ያዝሁ፣ ጫማ የያዘውን እጄን ከራሴ በላይ አነሣሁና ለወዳጄ፣ «ይቅርታ፣ ውሸቴን ነው፤ ገና ከቤት አልወጣሁም» አልሁት። ወዳጄም በስልኩ ውስጥ ሣቀና፣ «እኔም ገና አልወጣሁም» አለኝ።